የእግዜር ዘመድ

በሩ ፊት ከቆሙ ቆይተዋል። ሐሴት ሹራቧን ወደ ታች ጎተት አደረገችና እንደገና ወደ ኖላዊ ዞረች።

«እናትህን እንዴት አድርጌ ነው ሰላም የምላት? ጉንጭ ነው ትከሻ?»

«እሷ ስትስብሽ ተከተያት።»

«አማርኛው ቢጠፋብኝስ?»

«እኔ አለሁልሽ። ቃል መቆፈር ሥራዬ አይደል?»

እውነቱን ነው። ከሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ይናገሩት የነበረውን፣ ዛሬ የገዛ ልጆቻቸው ቢሰሙት የማይገባቸውን ጥንታዊ እንግሊዝኛ ነው የሚያጠናው። እንግሊዝ አገር ድረስ ሄዶ አምስት ዓመት ተማረው፤ ተመልሶም ቶሮንቶ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምረዋል። ከዚያ ሁሉ አስበልጦ የሚወደው ሁለት ቃላት ተጋጥመው የወለዷቸውን ስሞች ነው። የዚያ ዘመን ሰዎች ሰውነትን «የአጥንት ቤት» ይሉታል። ባሕርን «የዓሣ ነባሪ መንገድ» ይሉታል። ዛሬ ጌታ ለማለት የሚጠሩት ስም ድሮ «እንጀራ ጠባቂ» ማለት ነበር፤ እመቤት የሚሉት ደግሞ «ሊጥ አቡኪ»። ቃሉ በአፍ ሲመላለስ ኖሮ መጋጠሚያው ጠፋና፣ እንጀራውም ሊጡም ተረሳ።

ከሐሴት ጋር ያገናኘውም ይኸው ሥራው ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሰጠውን ንግግር ልትሰማ መጥታ ነበር። እሷ በስትሮክ አንደበታቸው የተያዘ ሰዎችን እንደገና መናገር ታለማምዳለች። ንግግሩ ሲያበቃ ቀረብ ብላ፣ «አንተ የሞቱ ሰዎችን ቃል ታስነሣለህ፣ እኔ ያልሞቱትን። ሥራችን ጎረቤት ነው» አለችው። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው አንድ የጥንት ቃል በስልኳ ይልክላታል፤ እሷም ከአባቷ አፍ የለቀመችውን አንድ የአማርኛ ቃል ትመልሳለች። እሱ «የቀን ዓይን» ብሎ ፀሐይ ስትወጣ የምትከፈተውን ትንሽ አበባ ሲልክላት፣ እሷ «ሆደ ቡቡ» ብላ ትመልሳለች። «ይሄ አንተ ነህ» የሚል ከሥሩ ይከተላል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመት ሞላቸው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊላክ ተነጋግረዋል። ዛሬ እናቱ ሊያዩዋት ነው።

በሩን የከፈቱት ጋሽ ስለሺ ናቸው፤ የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ ታክሲ ነጂ፣ ዝምታ የሚያስጨንቃቸው ሰው።

«እሰይ! ቃል የምትለዋወጣት ይቺ ናት? ግቢ የኔ ልጅ። እኔማ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከሙታን ጋር የሚያወራ ወንድ ማን ያገባል ብዬ!»

«ጋሼ ደግሞ፣ ገና በሩ ላይ ጀመሩ!»

«ምን ዋሸሁ? ተሳፋሪዎቼ የእህትህ ልጅ ምን ይሠራል ሲሉኝ ዶክተር ነው እላለሁ። የምን ዶክተር ሲሉኝ ሬድዮ እከፍታለሁ።»

ሐሴት ሳቀች። ፍርሃቷ በሳቋ ውስጥ ሲቀልጥ ኖላዊ አየው። እናቱ ወይዘሮ ዓለምሸትም ከማድ ቤት እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ፤ ሳቧት፤ ጉንጯንም ትከሻዋንም ሳሙ። ራቅ አድርገው አይተው ደግመው ሳሙ። እናቱ እንዲህ ፊታቸው ሲበራ ኖላዊ ካየ ቆይቷል።

ምሳው ላይ ጨዋታው ደራ።

«ብዪ እንጂ፣ ምነው እንደ ወፍ ትለቃቅሚያለሽ?» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት። «አማርኛሽ ደግሞ እንዴት ያምራል! እዚህ ተወልዶ እንዲህ የሚናገር ስንት አለ?»

«አባቴ ነው። እቤት እንግሊዝኛ ካወራሁ አይሰማም። ደንቆሮ ይሆናል።»

«ይባርካቸው!» አሉ ጋሽ ስለሺ። «ለኔም ልጆች እንዲህ በደነቆርኩላቸው ኖሮ!»

«ማን ይባላሉ አባትሽ?»

«ተክሉ። ያደግነው ኤድመንተን ነው፤ እኔ ግን የተወለድኩት እዚህ ቶሮንቶ ነው። ሕፃን ሆኜ ነው የሄድነው። አባቴ እዛ ሥራ አግኝቶ።»

ወይዘሮ ዓለምሸት ያነሡት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቆመ።

«እናትሽስ?»

«ኤደን ነበር ስሟ። አራት ዓመቴ እያለ ሞተች።»

«ኤደን» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት ቀስ ብለው። ከዚያ ጭራሽ የማይጠበቅ ጥያቄ ጠየቁ። «የክርስትና ስምሽ ማን ነው?»

«ፍቅርተ ማርያም።»

ጉርሻው ወደ ትሪው ተመለሰ። እናቱ ተነሥተው ማድ ቤት ገቡ። ውሃው ሲፈስ ተሰማ፤ ቆየ፤ አልቆም አለ። ጋሽ ስለሺ ቀልድ ፈልገው አጡና ሰላጣውን ወደ ሐሴት ገፋ አደረጉት። ወይዘሮ ዓለምሸት ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ እንግዳዋ አላዩም።

«አሞኛል። ስለሺ፣ ልጆቹን ሸኝልኝ።»

ሐሴት ደንግጣ ተነሣችና ልትሰናበታቸው ጎንበስ አለች። ወይዘሮ ዓለምሸት ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ግንባሯን፣ ቅንድቧን፣ አገጯን አዩ። ወዲያው እሳት እንደነካ ሰው ለቀቋት፤ መኝታ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሐሴት ጎንበስ እንዳለች ቀረች። እንዴት ቀና እንደሚባል የረሳች ትመስል ነበር።

•

ደንዳስ መንገድ ላይ ባቡሩን ሲጠብቁ ነፋሱ ፀጉሯን ፊቷ ላይ ይበትነዋል፤ አልሰበሰበችውም።

«አሟት ነው እኮ» አለ ኖላዊ።

«ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው። መናገር ከማይችሉ ሰዎች ጋር ነው የምውለው። ያ የሕመም ፊት አይደለም።»

«ታዲያ የምን ነው?»

«እናቴን ጠየቀችኝ፤ ሞታለች አልኩ፤ ያኔ ነው የተለወጠችው። እናት ያላሳደጋት ለልጄ አትሆንም ብላ ነው። አባቴ ሁሌ ይፈራው የነበረው ይሄንን ነው። ሰው እንዲህ ይልሻል፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ይለኝ ነበር።»

«እማዬ እንደዛ አታስብም።»

«ታዲያ ምን አስባ ነው? ንገረኛ!»

 እሷ የመንገዱን ማዶ እያየች ቀጠለች። ቶሮንቶ ተመልሳ የመጣች ሰሞን የክርስትና እናቷን ፈልጋ እንደነበር ነገረችው። አባቷ በዕለቱ ስላልነበረ፣ ከክርስትና ወረቀቷ ላይ ስሟን አንብባ፣ ውብአለም የምትባል ሴት ናት ብላ፣ ሰው ስታጠያይቅ፣ ውብአለም ከሞተች ዓመት እንዳለፋት ሰማች።

«እናቴ ትለኝ የነበረውን አባቴ ነግሮኛል። እኔ ብሞት ክርስትና ያነሣችሽ እናትሽ ናት፣ ብላኝ ነበር። ፈለግኋት። ሻማ አብርቼላት ተመለስኩ። ዛሬ ደግሞ ያንተ እናት… እናቶች ከኔ ይሸሻሉ ኖላዊ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ባቡሩ መጣ። ሊስማት ሲል ተሳፈረች። በመስኮቱ አያት፤ እሷ ግን ጭኗ ላይ ያሉትን እጆቿን ነበር የምታየው። 

•

ጋሽ ስለሺ ሄደዋል። እናቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

«ምን አድርጋ ነው?» አለ ኖላዊ በሩ ላይ ቆሞ። «ምን አጥፍታ ነው እንዲህ ያዋረድሻት?»

«ምንም አላጠፋች። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም!»

«ቁጭ በል ልጄ። ቆመህ የምትሰማው አይደለም።»

ተቀመጠ።

«ያቺን ልጅ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። «ውብአለም የምትባል ሴት ናት ያነሣቻት። ሞታለች» አለ።

«ውብአለም ነበረች የታሰበችው። ወረቀቱ ላይም አስቀድሞ የተጻፈው የሷ ስም ነው። በረዶው መንገድ ዘግቶባት ቀረች። ያኔ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም። የፈረንጆች ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት እንከራያለን፤ ልጆቹም የሚጠመቁት በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ነው። ቄሱ ከሌላ ከተማ በአውቶቡስ መጥተው፣ ሊመለሱ ቸኩለዋል። ተክሉ ፋብሪካ ነበር፣ ፈቃድ ከልክለውት። ኤደን ልጇን ታቅፋ ዙሪያዋን አየች። ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። እኔን አየችኝና ሰጠችኝ።»

ወይዘሮ ዓለምሸት እጆቻቸውን ገልብጠው አዩዋቸው።

«አባትህ ሞቶ፣ አንተን ዓመትህ ላይ አዲስ አበባ ለአክስትህ ጥዬህ የመጣሁ ሰሞን ነው። ክንዴ ባዶ ነበር ኖላዊ። ሌት ተቀን ባዶ ነበር። ወደ ምዕራብ ዞሬ ሰይጣንን ካድኩላት። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አመንኩላት። ከውሃው ስትወጣ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ማተቧን ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆዩ ኤድመንተን ሄዱ። ኤደን ስትሞት ተክሉ ከሰው ሁሉ ተቆራረጠ፤ ስልኩም ጠፋን። እኔ በስሟ ስጸልይ ኖርኩ፤ ፍቅርተ ማርያም እያልኩ። ዛሬ ማዕዴ ላይ ተቀመጠች።»

«እና ምን ይሁን?» አለ፤ የሚመጣውን እያወቀ።

«የክርስትና ልጄ ላንተ እህት ናት። ወንድምና እህት አይጋቡም። ቤተ ክርስቲያን አታጋባችሁም።»

ኖላዊ ሳቀ፤ ሳቁ ለራሱም አስቀያሚ ሆኖ ተሰማው። «ሳፋ ውስጥ የፈሰሰ ውሃ ነው እማዬ! ማንም አያውቅም። ወረቀቱ ላይ ስምሽ የለም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ቃል ነው! በተከራየ ምድር ቤት ውስጥ የተባለ ቃል ብቻ!»

እናቱ ቀና ብለው አዩት። «ቃል ብቻ?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «አንተ አይደለህ እንዴ የሞቱ ፈረንጆች ቃል እንዳይጠፋ ብለህ አምስት ዓመት ከኔ የራቅኸው? ምን ሊረባህ ነው ብዬህ አውቃለሁ? ለማታውቃቸው ሙታን ቃል ይህን ያህል ታምነህ፣ እናትህ በሕያው ሕፃን ላይ የሰጠችውን ቃል ታቃልለዋለህ?»

 ጊዜው ተለውጧል ሊል ነበር፤ እምነት የለኝም ሊል ነበር።  ወይዘሮ ዓለምሸት እጃቸውን ጉልበቱ ላይ አሳረፉ።

«ዝም በዪ ካልከኝ ዝም እላለሁ። ሽማግሌው ይሂድ። እድራችኋለሁ፤ እልል እላለሁ። ማንም አይሰማም፣ እሷም አትሰማም። ከዚያ በኋላ ግን ከቁርባን እቀራለሁ። እያወቅሁ አፌን ለሥጋ ወደሙ አልከፍትም። እሱን ለኔ ተወው፤ የኔ ዕዳ ነው። አንድ ጊዜ ጥዬህ ሄጃለሁ። ሁለተኛ ጊዜ የምትወደውን አልነጥቅህም።»

እንዲሟገቱት ነበር የፈለገው። እንዲጮኹበት፣ እንዲረግሙት፣ እሱም ተቆጥቶ በሩን ወርውሮ እንዲወጣ። ይህ እሺታቸው ግን የሚገፋው ነገር አልነበረውም። ጉልበቱ ላይ ያለችው እጅ በእሱ ላይ ዓለት ሆና ከበደችው።

•

በዚያ ሳምንት አንድም ቃል አልላከላትም። ጠዋት ጠዋት ስልኩን ያነሣል፤ ይጽፋል፤ ያጠፋል። ዝም ማለት እንዴት ቀላል እንደሆነ ያስባል። አንድ «እሺ» ለእናቱ ማለት ብቻ ነው። ሐሴትን ያገኛታል፤ እማዬ አሟት ነበር ይላታል፤ እሷም ልታምነው ስለምትፈልግ ታምነዋለች።

ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ ከሚያስተምራቸው ቃላት መካከል «ጎድሲብ» የሚለው ደረሰ። ዓመት በዓመት እየሳቀ የሚያስተምረው ቃል ነው። «ጎድ» እግዚአብሔር፣ «ሲብ» ዝምድና፤ የእግዜር ዘመድ። ልጅህን ከውሃው የሚቀበልልህ ሰው ስም ነበር። አበልጅ እንደምንለው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ የቅርብ ወዳጅ ማለት ሆነ፤ ቀጥሎ ሴት ስትወልድ የሚሰበሰቡ ጎረቤቶች ማለት፤ ቀጥሎ እነሱ የሚያወሩት ወሬ። ዛሬ እንግሊዞች «ጎሲፕ» እያሉ በዚያው ቃል ሐሜትን ይጠሩበታል። እዚህ ሲደርስ ሁልጊዜ ክፍሉ ይስቃል። ዘንድሮም ሳቁ፤ እሱ አልሳቀም።

«እውነት ዘመድ ነን ብለው ያምኑ ነበር?» አለች አንዲት ተማሪ።

«ያምኑ ነበር። መጋባት እስከ መከልከል ድረስ።»

«እንዴት ያለ ጭካኔ ነው!»

ነው ሊላት ፈለገ። ያው «ሲብ» የሚለው ቃል ሰላም ማለትም እንደነበር ትዝ አለውና፣ ሰሌዳውን ሊያጠፋ ዞሮ፣ ተማሪዎቹን እያስጠበቀ እንደዞረ ቆየ።

•

ቅዳሜ ከሰዓት ቶርንክሊፍ ፓርክ ወደሚባለው ሰፈር ሄደ። ሐሴት ከአባቷ ጋር ከምትኖርበት ፎቅ ጀርባ፣ ሜዳው ጠርዝ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኛት። ልጆች ክሪኬት እየተጫወቱ ይጯጯሃሉ።

«ሳምንት ሙሉ ፀጥ» አለችው ሳትነሣ። «ገብቶኛል። እናትህን መረጥክ። አልቀየምህም፤ እናት ብትኖረኝ እኔም…»

«ሐሴት፣ ጠልታሽ አይደለም።»

እስኪናገር ድረስ እንደሚናገር አላወቀም ነበር። የተናቀች መስሏት የተቀመጠችበት አቀማመጥ፣ ትከሻዋን ሰብስባ ራሷን በጠባቡ የያዘችበት ሁኔታ፣ አላስችል ቢለው ነው። ሁሉንም ነገራት፤ በረዶውን፣ ሳፋውን፣ ቄሱን፣ ኤደንን።

 ስለ ሠርጋችን ትጠይቀኛለች ብሎ ጠበቀ።

«ስታነሣኝ» አለች በመጨረሻ፣ «አልቅሼ ነበር?»

«ምን?»

«ከውሃው ስወጣ። አለቀስኩ? አልነገረችህም?»

ኖላዊ ያኔ ፈራ። ሜዳው ሙሉ ሲጮኽ፣ ከአጠገቡ ሆና ስትርቀው ተሰማው። እጇን ያዘና መናገር ጀመረ፤ ፈጠን ፈጠን ብሎ። ሲቲ ሆል ሄደን እንፈራረም አላት። ቄስ አያስፈልገንም። የማላምንበት ሕግ አያስረኝም፤ አንቺም ሻማ የምታበሪው ለአባትሽ ብለሽ ነው፣ ራስሽ ነግረሽኛል። ቃላት ትርጉማቸው ያረጃል፣ ያልፋል፤ እኔ ይህን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው።

«የሚያረጁት ሰው ሲረሳቸው ነው» አለች። «እሷ አልረሳችኝም። ይሄን ሁሉ ዓመት በስሜ ስትጸልይ ነበር አልከኝ። እኔ ማንም የለኝም እያልኩ… ኖላዊ፣ ስለ እኛ ምን አለች?»

መዋሸት ይችል ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ ለምን እንዳልዋሸ ራሱን ይጠይቃል።

«ዝም እላለሁ አለች። ከፈለግን። ድራን፣ እልል ብላ፣ ከዚያ ከቁርባን ትቀራለች። እስክትሞት።»

ሐሴት አፏን በመዳፏ ያዘች።

«ለኔ ብላ?»

«ለሁለታችን።»

«እንዲህ የሚያደርግ ሰው አላውቅም። ከእናት በቀር እንዲህ የሚያደርግ የለም።» እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። «እናቴ ከሆነች ደግሞ፣ እንዴት አድርጌ ነው እናቴን ይሄን የማደርጋት?»

«አታምኚበትም እኮ ሐሴት!»

«የማምንበትን አላውቅም። እሷ ግን ታውቃለች።»

«እኔስ?» አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነበት። «እኔስ ምን ልሁን?»

ወደ እሱ ዞረች። ፊቱን ስታየው፣ ከሕመምተኞቿ ጋር ስትሆን እንደምታደርገው ነው፤ ሰውዬው የሚፈልገውን ቃል እስኪያገኝ ሳትቸኩል።

«የምወድህ አልቀነሰም» አለች። «የማስቀምጥበት ቦታ ነው የጠፋኝ።»

አቀፋት። እሷም አቀፈችው። ኳሷ ወደ እግራቸው ተንከባልላ መጣች፤ ልጆቹ ከሩቅ ወርውሩልን እያሉ ጮኹ፤ ሁለቱም አልሰሙም።

«ወደ እሷ ውሰደኝ» አለች ጆሮው ሥር።

እንዳትወስደኝ ብትለው ይቀለው ነበር።

•

ወይዘሮ ዓለምሸት በሩን ሲከፍቱ ሁለቱን አብረው አዩና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው ግድግዳውን ያዙ።

«ነገርካት?» አሉ።

ኖላዊ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ሐሴት ጫማዋን ሳታወልቅ አንድ እርምጃ ገባች።

«አልቅሼ ነበር? ያኔ?»

ወይዘሮ ዓለምሸት ግድግዳውን ለቀቁ።

«አላለቀስሽም። ሌሎቹ ልጆች ሁሉ ጮኹ፤ አንቺ ፀጥ አልሽ። የነጠላዬን ጫፍ ጨብጠሽ አለቅም አልሽ። እናትሽ ልትቀበለኝ ብትመጣ አለቅም አልሽ። ቄሱ ናቸው እየሳቁ ጣቶችሽን አንድ በአንድ ያላቀቁት።»

ሐሴት ልትናገር ሞከረች። የምትፈልገው ቃል አማርኛም ይሁን እንግሊዝኛ ኖላዊ አላወቀም፤ ከሁለቱም አልመጣላትም። ወደ ፊት ዘመም አለች። ወይዘሮ ዓለምሸት ሳትወድቅ ያዟት፤ ምንጣፉ ላይ አብረው ተቀመጡ፤ ራሷን ጭናቸው ላይ አስተኟት።

«ልጄ» አሉ። «ልጄ። ልጄ። የት ነበርሽብኝ?»

ኖላዊ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አያቸው። እሱ ከአዲስ አበባ በስፖንሰር ሲመጣ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ኤርፖርት ላይ እናቱን በቁመት በልጧቸው ነው ያገኛቸው፤ ሁለቱም እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ ሳያውቁ ተቃቅፈው ነበር። እናቱ ልጅ ሲያቅፉ ምን እንደሚመስሉ አይቶ አያውቅም። አሁን አየ። አንድ እጃቸው ከአንገት ሥር፣ አንዱ ፀጉር ውስጥ፤ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎብጦ፣ ነፋስ እንዳይገባባት እንደሚከልል። ቅናት ይሁን ኀዘን፣ ወይም ሌላ ስም የሌለው ነገር፣ የበሩን መቃን አስያዘው። ከሁለቱ ሴቶች በየትኛዋ ቦታ መሆን እንደሚመኝ ግራ ገባው። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመሐላቸው ገብቶ ሊለያያቸው የሚችል ሰው እሱ ነው፣ እና አያደርገውም።

ሁለቱ በዝግታ ማውራት ጀመሩ። ስለ ኤደን ነው፤ እንዴት እንደምትስቅ፣ ምን ዓይነት ጫማ እንደነበራት፣ በረዶ ስታይ እንዴት እንደምትሳደብ። ሐሴት እያለቀሰች ሳቀች። ኖላዊ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቶ ለማን እንደሚሰጥ ሳይወስን ያዘው። በመስኮቱ በኩል ያለው ብርሃን እየቀላ ሄደ።

«አባቷ እንዳያስብ» አሉ ወይዘሮ ዓለምሸት ከቆይታ በኋላ። ዓይናቸው ከሐሴት ፀጉር አልተነሣም። «ኖላዊ፣ ና። እህትህን ሸኛት።»



ሐሴት ቀስ ብላ ተነሣች። ወይዘሮ ዓለምሸት የሹራቧን አንገት አስተካከሉላት፤ እንዳይበርድሽ አሉ፤ ነገም ነይ አሉ። እሺ አለች። ኖላዊ ብርጭቆውን አስቀመጠና ጃኬቱን አነሣ።

ሊፍቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እሷ በአንድ ጥግ፣ እሱ በሌላው ጥግ ቆሙ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሊፍቱ በር ገና ሳይዘጋ ትከሻዋ ደረቱ ላይ ነበር። ቁጥሩ እየቀነሰ መውረድ ጀመረ።

«ኖላዊ።»

«ወዬ።»

ዓይኖቿ በሩ ላይ ናቸው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰና ተመልሶ ተገጠመ።

«ምንም» አለች። «ልጥራህ ብዬ ነው።»

ገባው። ከአሁን ወዲያም ትጠራዋለች፤ በበዓል፣ በልደት፣ እናቱ ሲታመሙ፣ እንደ ወንድም፣ እየሳቀች። በዚህ ድምፅ ግን ይህ የመጨረሻዋ ነው። ደግመሽ ጥሪኝ ሊላት ፈለገ፤ ሳይላት፣ ሊፍቱ መሬት ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት፣ እሷው ደገመችው።

«ኖላዊ።»

«ወዬ።»